የኡመር መውጫ

ሸሪፋ "እሺ" የሚለውን ቃል ስትሰማ ቆሽቷ ያርራል። እምቢ ያለሽን ሰው ትጣይዋለሽ፣ ትከሺዋለሽ፣ ቢያቅትሽ ታኮርፊዋለሽ፤ እሺ እያለ ምንም የማያደርገውን ሰው ግን በምን ትይዥዋለሽ? "እሺ ይበልጣል ከሺህ" ብሎ የተረተው ሰው፣ ትላለች፣ የእኛን እድር አያውቀውም። እውነቷን ነው።

ሸሪፋ ፒያሳ ተወልዳ ፒያሳ የጎለመሰች መጋረጃ ሰፊ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጨርቁን መስፋት ያዘች። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አላት። ወደ ታች ባሉት ቢሮዎች ከተሰቀለው መጋረጃ ግማሹ የእጄ ሥራ ነው ስትል ማጋነኗ ቢታወቅም የሚከራከራት የለም፤ ሸሪፋን ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም። ባሏ ኡመር የላዳ ታክሲ ነጂ ነበር። የለየለት የአራዳ ልጅ፣ ለወግ ሲል ደንበኛ አሳልፎ የሚሰድ። ልጅ አልወለዱም፤ እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ ናቸው። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ምላሱን ግን አልነካበትም። አልሐምዱሊላህ ትላለች ሸሪፋ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምናለ ምላሱንም ትንሽ በነካው ትላለች፣ እንዳነጋገሩ።

ቤታቸው ከምኒልክ አደባባይ ወደ አትክልት ተራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ከውጭ በር ሲገባ በአጥሩ ግንብና በቤቶቹ መካከል ቀጭን መተላለፊያ አለ። የቤቶቹ በር ሁሉ ወደዚያ ይከፈታል፤ መጨረሻ ላይ፣ መንገዱ ግድግዳ ገጭቶ በሚያልቅበት፣ የነሸሪፋ ቤት ነው። ሌላ መውጫ የለም። በመስኮትስ እንዳትሉኝ፤ መስኮቱም የሚያየው ያንኑ መተላለፊያ ነው።

የሰፈሩ እድር እቃውን የሚያስቀምጥበት ክፍል መንገድ ዳር ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ እምሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሸሪፋ ደጃፍ መጡና፣ "ልጄ፣ እቃዋን ለጊዜው እናንተ መተላለፊያ እናሳርፋት። ቦታ እስክናገኝ ነው" አሏት።

ሸሪፋስ ምን ትበል? እድር ነው እኮ። እድርን እምቢ ብለሽ ነገ ማን ይቀብርሻል? እሺ አለች፤ በዚያች እሺዋ እስከ ዛሬ ራሷን ትረግማለች። አግዳሚ በአግዳሚ ላይ ተከመረ። የድንኳኑ ብረት፣ ሸራው፣ ጥጃ የሚታጠብበት የሚመስለው ድስት ሁሉ ተደረደረ። የቀረው ቦታ ሰው በጎኑ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት ነው፤ ጎረቤቷ ካሊድ፣ ሥጋ ቤት ያለውና ከሥጋውም የማይሰስተው ካሊድ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያልፈው። ለጊዜው የተባለው ነገር ሁለት ክረምት አለፈው።

ታዲያ በመካከሉ ከታች ባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቃጠለ። ቤተሰቡ ወጣ፤ አልጋ ላይ የነበሩት አሮጊት አልወጡም። ሸሪፋ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ አግዳሚዎቹን እየታከከች አልፋ ቤቷ ገባች፤ ኡመርን አየችው፣ ዞር ብላ መተላለፊያውን አየችው። እሳት ቢነሳ ይሄ ሰው በየት ይወጣል? ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብም እንቅልፍም ይህን ጥያቄ ሊያስረሳት አልቻለም።

ወረዳው የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችን እንደሚመዘግብ የሰማችው በዚያው ሰሞን ነው። ሱቋን ዘግታ ሄደች።

"ማንን ልመዝግብ እናቴ፣ ልጅዎን ነው?" አላት መዝጋቢው።

"ልጅ የለኝም። እኔን መዝግብ።"

ሰፈሩ ሙድ ያዘባት። ለበጎ ፈቃደኞች የተሰጠውን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ ስታልፍ የጀበና ቡና የሚጠጡት ጎረምሶች እየተነሱ ሰላምታ ይሰጧት ጀመር። ከሁሉ የባሰው ኡመር ነው። "ኮማንደር" ይላታል ገና ከበር ሳትገባ። "ክብሪት ስትጭሪ ዐይንሽን የምትጨፍኚ ሴት፣ እሳት ልታባርሪ ነው?"

"አንተን ላወጣ ነው" ትለዋለች። 

አሠልጣኛቸው ጎይቶም የሚባል፣ ሲናገር ጠጋ ካላሉ የማይሰማ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከውሃው በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ዘይት ከተቀጣጠለ ክደኑት እንጂ ውሃ አትድፉበት፤ ጭስ ሲበዛ ዝቅ ብላችሁ ውጡ፤ መራመድ የማይችል ሰው ካለ በብርድ ልብስ ለሁለት ያዙት። ይህን ሁሉ አስተማራቸው። ከዚያ፣ "ግን መውጫ ከሌለ ይሄ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነው" አለ። ሸሪፋ አንገቷን ደፋች፤ ለሷ የተነገረ መሰላት።

ከዚያ በኋላማ ግቢው እረፍት አጣ። የተላጠ ሽቦ ስታይ ትጮሃለች፤ አንድ ማከፋፈያ ላይ ፍሪጅም ምጣድም የሰካውን ትነቅልበታለች። ትልቁ ጣጣ ግን ምድጃው ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። ወጥ ተጥዶ መብራት ይጠፋል። ሴትዮዋ መብራት ኃይሉንም ዕድሏንም ረግማ ድስቱን ታወርድና ከሰል ፍለጋ ትሄዳለች። ምድጃው ግን አልጠፋም፤ መብራቱ ነው የጠፋው። ቤቱ ተቆልፎ፣ ሰው ወጥቶ፣ መብራቱ ሲመጣ ምድጃው ብቻውን ይግላል።

"መብራት ሲሄድ መጀመሪያ እጅሽን ምድጃው ላይ" ትላታለች ኢትዮጵያን። ኢትዮጵያ ከበሩ ሁለተኛው ቤት የምትኖር፣ መካኒሳ የምታስተምር ደግ ሴት ናት።

"እሺ እትዬ ሸሪፋ።"

"አሁን እሺ ትይኛለሽ።"

"ኧረ ወላዲቷን፣ አጠፋለሁ።"

አንድ ቅዳሜ ጎይቶም ግቢውን ሊያይ መጣ። አየና ራሱን ነቀነቀ፤ "እስቲ እንሞክረው" አለ። ካሊድ በሽተኛ ሆኖ ብርድ ልብስ ላይ ተጋደመ፤ ሸሪፋና ሌላ በጎ ፈቃደኛ ከሁለት ወገን ያዙት። ገና ከደጃፍ ሳይርቁ የካሊድ ትከሻ አግዳሚው ላይ ተሰነቀረ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ሲስቡት የላይኛው አግዳሚ ወረደ፤ አግዳሚው ድስቱን መታ፤ ድስቱ እየተንኳኳ ተንከባሎ እስከ ውጭ በር ደረሰ። ሰፈሩ በሳቅ ወደቀ። ካሊድ ራሱ ተጋድሞ ይስቃል። ያልሳቁት ሸሪፋና ጎይቶም ናቸው።

ጋሽ እምሩ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ። ሸሪፋ አሁን በዐይናቸው አዩት፣ በቃ ገባቸው ብላ ጠበቀች። ጎንበስ አሉ፣ ድስቱን አነሱ፣ ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳበሱ። "አልጎደጎደም፣ ተመስገን" አሉና አስቀመጡት።

"ጋሽ እምሩ፣ አንድ ሰው እንኳ ማለፍ አልቻለም እኮ" አለች ሸሪፋ። "ኡመር ቢሆንስ?"

"ልክ ነሽ ልጄ። እሺ፣ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።"

አቀረቡት። ኮሚቴውም እሺ አለ። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር መጣ። መንገድ ላይ ስታገኛቸው ቀድመው፣ "ይዘነዋል፣ ይዘነዋል" ይሏታል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ኡመር የታመመ ቀን አዝለው ታክሲ ያስገቡት ጋሽ እምሩ ናቸው። ሰው ሲሞትማ ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ የለም። በሕይወት ላለ ሰው ግን፣ ትላለች ሸሪፋ፣ እድራችን ደንብ የለውም።

እንግዲህ የሰፈሩ ሰዓት ጠጋኝ አቶ አጽብሐ አንድ ማለዳ አረፉ። ለመታመማቸው ወሬ ሳይሰማ፣ ቁጭ እንዳሉ። ጡሩምባው ተነፋ፣ የእድሩ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ነገ የለ፣ ኮሚቴ የለ። አንዱ አግዳሚውን በትከሻው፣ ሁለቱ ብረቱን በጫፍና በጫፍ፣ ጋሽ እምሩ ሸራውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ሸሪፋ የኡመርን ፊት አጥባ ሳትጨርስ መተላለፊያው ባዶ ሆነ። ወጥታ አየችው። ለካ ይህን ያህል ሰፊ ነበር። መጥረጊያ አምጥታ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው፤ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በሰው ሞት ደስ መሰኘቷ ጨነቃትና አስተግፊሩላህ አለች።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ኢትዮጵያ ለለቀስተኛው ምስር ጥዳ ሳይፈላላት ስለጠፋ ድስቱን ይዛ ከድንኳኑ ጓሮ እንጨት እሳት ላይ ጣደችው፤ ቤቷን ቆለፈች። ከምድጃው አጠገብ የሰሌን መሶብና የእቃ ማድረቂያ ፎጣ ነበር። ሸሪፋም ኡመርን ቁርስ አብልታ፣ ትራሱን አስተካክላ፣ ሐዘንተኞቹ ዘንድ ልትቀመጥ መጥታለች።

እኩለ ቀን ላይ ከድንኳኑ አምፖል ብርሃን ወጣ። "መጣ" አለ ለቀስተኛው ሁሉ፣ እንደ ልማዱ። ወሬው ቀጠለ። ቆይቶ ካሊድ፣ "ምንድነው የሚሸተው?" አለ። ሸሪፋ ከተቀመጠችበት ተነስታ ግቢው በር እስክትደርስ ምን እንዳሰበች አታውቅም። ከኢትዮጵያ መስኮት ጥቁር ጭስ ይግተለተላል። ኡመር ያለው ከጭሱ ወዲያ ማዶ ነው።

እጇ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄደ፤ አጠፋችው። "ካሊድ፣ 939 ደውልና ተከተለኝ" አለች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ጎረቤት ደረሰ፤ ሰው መጀመሪያ ምን ያድናል? እቃ። ፍራሽ በበር ወጣ፣ ቴሌቪዥን ወጣ፣ ሁለት ወንዶች ፍሪጅ እየጎተቱ መጡና መሃል መተላለፊያ ላይ ገተሩት። ትናንት የተከፈተው መንገድ ዐይኗ እያየ ሊዘጋ ነው።

ሸሪፋ ያን ጊዜ ያወጣችው ድምፅ ምኒልክ አደባባይ ተሰምቷል ይላሉ። "መልሱ። መንገዱ ላይ እቃ ያስቀመጠ ሰው ባሌን ገደለ።" ፍሪጁን በትከሻዋ ገፋችው፤ ካሊድ ሲደርስ ሁለቱ ሆነው ወደ መጣበት ቤት መልሰው ወረወሩት ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ሰደባት። አፏን በሻሽዋ ሸፍና፣ ዝቅ ብላ፣ የጭሱን ሥር ይዛ አለፈች።

ኡመር ያስላል። "ኮማንደር፣ ዘገየሽ" አላት። ብርድ ልብሱን ከሥሩ አስገቡለት፣ እሷ ከራስጌ ካሊድ ከግርጌ ያዙትና ወጡ። የትም አልተሰነቀሩም፣ ምንም አልወደቀባቸውም። በኢትዮጵያ ደጃፍ ሲያልፉ ሙቀቱ ፊታቸውን ለበለባቸው፤ ውጭ በር ሲደርሱ ያ ባለጌ ኡመር፣ "ወራጅ አለ" አለ። ሸሪፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም።

የእሳት አደጋ መኪናው ደረሰ፤ ቱቦው በዚያው በባዶው መተላለፊያ ገባ። የኢትዮጵያ ቤትና የጎረቤቷ ጣሪያ ተቃጠለ፤ ሰው አልተጎዳም። ኢትዮጵያ ሸሪፋ እግር ሥር ወድቃ፣ "ብለሽኝ ነበር፣ ብለሽኝ ነበር" እያለች ስታለቅስ ሸሪፋ የምትቆጣበት አንጀት አጣች። አነሳቻት።

አሁን ነገሩ አለቀ ትላላችሁ። ሸሪፋም ያለቀ መስሏት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በነጋታው የማያወራ የለም። አንዱ የኡመር ቀን አልደረሰም ይላል፤ አንዷ የአጽብሐ ነፍስ ናት የጠበቀችው ትላለች፤ ባለ ፍሪጁ ፍሪጄ ተጫረ ይላል። ያን ቀን መንገዱ ለምን ባዶ እንደነበር የሚያነሳ ግን የለም።

ለቅሶው አበቃ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። ሸሪፋ ለምሳ ከሱቋ ስትመለስ የእድሩ ሰዎች አግዳሚውን በትከሻቸው ይዘው ግቢው በር ላይ አገኘቻቸው። ሊመልሱት ነው። ወደዚያው መተላለፊያ።

ምንም ሳትናገር አልፋቸው ገባችና ዱካዋን ከቤት አምጥታ መሃል መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ እምሩ ተጠሩ። "ሸሪፋ ልጄ፣ ምነው?" አሉ፣ ከልባቸው ተጨንቀው። "ለጊዜው ነው። ደግሞስ በዐይንሽ አየሽው አይደል? ኡመር በሰላም ወጣ። መንገዱ ክፋት የለውም።"

ይህን ስትሰማ ሸሪፋ ደሟ ፈላ።

"የወጣው አቶ አጽብሐ ስለሞቱ ነው" አለች። "እሳቸው ባይሞቱ ይሄ እንጨት እዚህ ነበረ፣ ኡመርም እዚያ ነበረ። ቀጥሎ እሳት ሲነሳ ማን ይሙትልኝ ጋሽ እምሩ? እርስዎ ይሞቱልኛል?"

በሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ ሟርት ተሰምቶ አያውቅም። አንዷ ሴት አፏን ያዘች። የጋሽ እምሩ ፊት ተለዋወጠ፤ ባርኔጣቸውን አጠለቁና፣ "ተዉአት፤ ይደክማታል፣ ትነሳለች" ብለው ውጭ ቆሙ። ሰዎቹም አግዳሚውን መንገድ ዳር ደርድረው፣ እስክትነሳ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አልተነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ደረሱና፣ ይህ እቃ እግረኛ መንገድ ላይ ማደር አይችልም፣ አንሱ፣ አለዚያ ተጭኖ ይሄዳል አሉ። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ። ያን ጊዜ ነበር ማየት። የእድሩ አግዳሚ ዝናብ ሊመታው ነው። የእድሩ ድስት ሊወሰድ ነው። ስልክ ተደወለ፣ ጋሪ ተጠራ፣ ጎረምሳው ከቡናው ተነሳ፣ ሽማግሌው ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። ጋሽ እምሩ ራሳቸው ቁልፍ ፍለጋ ቤታቸው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ። መኪናቸው ከተሸጠ ጀምሮ ባዶውን የተቀመጠ ጋራዥ ነበራቸው። በሩ ተከፈተ፣ ሁሉም ነገር ገባ፣ ቦታም ተረፈ። ዶፉ ሲወርድ አንድ አግዳሚ እንኳ ውጭ አልነበረም።

ሸሪፋ በተከፈተው የግቢ በር ሁሉን አይታ፣ ሁሉን ሰምታ፣ ዱካዋን አንስታ በሰፊው መተላለፊያ ወደ ቤቷ ሄደች። ያሰበችው ሆኖላታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መንሰቅሰቅ ጀመረች።

"ምነው? ተከፈተልሽ አይደለም እንዴ?" አላት ኡመር።

"ሮጡ" አለች። "ጋሽ እምሩ ሮጡ። እንጨቱ ዝናብ እንዳይመታው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለምናቸው ባዶ ጋራዥ ነበራቸው፣ ኡመር። ላንተ አልሮጡም።"

"እኔም ብሆን" አለ ኡመር፣ "ለቅሶ ሄጄ እርጥብ አግዳሚ ላይ መቀመጥ አልወድም።"

ሸሪፋ አልሳቀችም። እሱም እንደማትስቅ ሲገባው በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።